የፊላደልፊያ የብድር ሥጋት ካርታ፣ 1937 እ.ኤ.አ.

የአሜሪካ መንግሥት በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን፣ በ1933፣ ያቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከ200 በላይ ለሆኑ ከተሞች ካዘጋጃቸው ካርታዎች አንዱ የሆነው ይህ ሥራ፣ ሰፈሮችን ለአበዳሪ ባላቸው አስተማማኝነት በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ይለያል። ቀይ «አደገኛ» ማለት ሲሆን፣ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ቀለም ተመደቡ። በእርግጥ ከካርታው የከፋ ጉዳት ያደረሰው፣ በ1934 የተመሠረተው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር የራሱን የዘር መመዘኛ አውጥቶ ለእነዚህ ሰፈሮች የመንግሥት የብድር ዋስትና መንፈጉ ነው። ዛሬ በነጮችና በጥቁሮች መካከል ያለውን የሀብት ልዩነት በግለሰቦች ትጋትና ስንፍና ብቻ ሲተረጉም የኖረ ተመልካች፣ ይህን ታሪክ ሲያውቅ የመንግሥትን ውሳኔ ከልዩነቱ ምንጮች መካከል ያገኘዋል፤ በ1968 የወጣው ሕግ በቤት ሽያጭና ኪራይ የሚደረገውን አድልዎ ሲከለክል፣ ብዙ ነጭ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የሚያወርሱትን ቤት በዋስትናው ገዝተው ነበር።