ብርሃን ለኤሌክትሪክ መንገድ ሲከፍት



በኮልፌ ቀራንዮ ፀሐይ ስትጠልቅ፥ ከመንገድ መብራቶች አንዳንዶቹ ማንም ሳይነካቸው ይበራሉ። እንዲህ ባለው መብራት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትንሽ ዕቃ፥ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሲጨልምበት ይከለክላል። የዚህም ነገር ታሪክ የሚጀምረው የሥራ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ችግር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ዊሎቢ ስሚዝ ከባሕር በታች የሚዘረጋውን ገመድ ለመመርመር፥ ኤሌክትሪክን በብርቱ የሚቋቋም ነገር ፈልጎ የሴሌኒየም ዘንጎችን መረጠ። ዳሩ ግን ልኩ አልጸና አለ፤ መርማሪው በተለወጠ ቁጥር ውጤቱም ይለወጣል። በቢሮ የኖርን ሰዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ አናጣውም፤ የሚስማማው ቁጥር ይመዘገባል፥ የማይስማማው ይደለዛል። ስሚዝ ግን ልዩነቱን ራሱን መረመረው። ዘንጎቹ ያሉበት ሣጥን ሲከደን መቋቋማቸው ከፍተኛና ጽኑ ሆነ፤ ክዳኑ ሲነሣ ግን አሳላፊነታቸው እንደ ብርሃኑ ብርታት ከ15 እስከ 100 በመቶ ጨመረ። ይህንንም በ1873 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 4 ቀን ለላቲመር ክላርክ በደብዳቤ አስታወቀ።

ምክንያቱ የተገለጸው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በሴሌኒየሙ ውስጥ ታስረው የነበሩ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ኃይል ተቀብለው ይፈታሉ፤ የተፈታውም ይጓዛል።

በ1977 ዓ.ም. ሺራካዋ፥ ማክዲያርሚድና ሂገር ከፕላስቲክ ወገን የሆነ ፖሊመር ኤሌክትሪክን እንዲያሳልፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ነገሩ ወደ አገራችን በወሬ ብቻ አልደረሰም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስ በ1990ዎቹ ዓመታት፥ ከስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ከኦሌ ኢንጋናስ ጋር ሆነው፥ ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ፖሊመሮችን መርምረዋል። ፕሮፌሰር ወንድምአገኝ ማሞም ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ ፖሊመሮችን በማዘጋጀት ደክመዋል። የስሚዝን ስም ከመጻሕፍት የለቃቀምን እኛ፥ በከተማችን የሠሩትን ሰዎች ስም አለመጥራታችን ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ጥያቄ፥ ዕቃው እስከ ምን ድረስ ሊያንስ ይችላል የሚል ነበር። በ2003 ዓ.ም. በኔዘርላንድ አገር በግሮኒንገን የነበሩ ሊቃውንት፥ በብርሃን ቅርጹ የሚለወጥ ሞለኪውል በወርቅ ጫፎች መካከል አኖሩ። አንደኛው ብርሃን ሲያርፍበት ሞለኪውሉ መንገዱን ዘጋ፤ ሌላው ብርሃን ግን መልሶ ሊከፍተው አልቻለም። የስሚዝ ሣጥን ተከድኖ ቀረ ማለት ነው። ሞለኪውሉ ከወርቁ ጋር እጅግ በመጣበቁ፥ ከብርሃኑ ያገኘውን ኃይል ወርቁ ይነጥቀው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በወርቁ ፈንታ ግራፊን የተባለውን እጅግ ስስ የካርቦን ገጽ ተጠቅመው፥ ሞለኪውሉንም ከገጹ ጥቂት አራቁት። ያው አንድ ሞለኪውል በብርሃን ከ100 ጊዜ በላይ ተከፈተ፤ ተዘጋም።