ከወጌሻ እጅ እስከ ስልክ፦ የጉልበት ሕመም ክብካቤ በድሬዳዋና በመልካ ጀብዱ

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ስፍራው ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በስተ ምዕራቧ የምትገኘው መልካ ጀብዱም ኑሮዋ ከዚህ የንግድና የጭነት ሥራ ጋር ተሳስሮ ኖሯል። የቡና ጆንያ በትከሻው ይዞ ፉርጎ ላይ የሚወጣው ኩሊና ቁጢጥ ብሎ ሐዲድ የሚጠግነው ሠራተኛ ያሳለፉት የዓመታት ድካም ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ መገጣጠሚያው እንዲያምና እንዲደርቅ ለሚያደርገው ሕመም፣ የሚያጋልጥ ነው።

መፍትሔው ለረጅም ዘመን የተፈለገው በወጌሻ እጅና በፍል ውሃ ነበር። ወጌሻው ጉልበቱን ቅቤ ቀብቶ ያሻል፤ በባቡሩ መስመር ያለችው ኤረርም በፍል ውሃዋ ትታወቃለች። እሽታውና ሙቀቱ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግሡም ጉልበቱን ደግፎ የሚይዘውን የጭን ጡንቻ አያጠነክሩም፤ ይሁንና ወጌሻው በሰፈሩ የሚኖር፣ የታማሚውን ቋንቋ የሚናገርና በማግሥቱ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው ስለነበር፣ ይህ ዋጋው ሊዘነጋ አይገባም።

እንቅስቃሴን እንደ መድኃኒት የሚያዘው ፊዚዮቴራፒ በአገሪቱ የተስፋፋው በዝግታ ነው፤ በመናገሻ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የቼሻየር ማዕከል በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ሲረዳ ቢቆይም፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችን በዲግሪ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአንጻሩ የርቀት መገናኛ ለምሥራቁ እንግዳ አልነበረም፤ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ዝርጋታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በሙከራ የተጀመረው የፓን አፍሪካን ኢ-ኔትወርክ የተባለው የርቀት መገናኛ መረብ የጥቁር አንበሳንና የነቀምትን ሆስፒታሎች በሕንድ ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ሲያገናኝ፣ መስመሩ ሐኪምን ከሐኪም የሚያነጋግር እንጂ ታማሚውን በቤቱ የሚጎበኝ አልነበረም።

ቀጣዩን እርምጃ የፈተኑት የሜልበርን ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት 148 ታማሚዎችን ባካተተ ጥናት በኢንተርኔት የተሰጠው ክብካቤ ሕመምን እንደቀነሰ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በ394 ሰዎች ላይ በቪዲዮ የሚሰጠው ፊዚዮቴራፒ በአካል ከሚሰጠው እንደማያንስ አረጋገጡ። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም፤ ባለሙያው ታማሚው ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለመታጠፉን በካሜራው ያያል፣ ተቀምጦ እግሩን ቀጥ እንዲያደርግ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይዞ በዝግታ እንዲያወርድ ያዝዛል፣ ሕመሙ እስካልባሰ ድረስም ልኩን ከሳምንት ሳምንት ይጨምራል።

ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በሚነገርባት መልካ ጀብዱ ይህ ትእዛዝ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅና በየቋንቋው መድረስ አለበት፤ ዘመናዊ ስልክ በሌለበት ቤት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከገጠር ተነሥቶ ኋላ ወደ ከተሞች የተዘረጋው መርሐ ግብር ያሠማራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መሣሪያውን ይዛ ብትገባ፣ በማግሥቱ ተመልሶ የመጠየቁን የወጌሻ ልማድ ልታስቀጥል ትችላለች። በድንገት ያበጠና የሚያቃጥል ጉልበት ግን በስክሪን የሚታከም ስላልሆነ፣ እንዲህ ያለው ታማሚ ሳይውል ሳያድር በድሬዳዋ ወደሚገኘው ድል ጮራ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።