የክብሪት እንጨትና የዐይን ስሕተት፤ የአንድ እንቆቅልሽ ታሪክ

ለዚህ እንቆቅልሽ ስድስት የክብሪት እንጨቶች ይበቃሉ። አንባቢው ሁለቱን ሳይሰብር አንዱን ከሌላው በታች በጠረጴዛ ላይ ያጋድም፤ የቀሩትን አራቱን ከወገባቸው ሰብሮ ስምንት ስባሪ ያድርግ። ከላይኛው እንጨት ጫፎች ላይ ስባሪዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ እንደ ቀስት ጫፍ ወደ ውስጥ ይመልሳቸው፤ ከታችኛው ጫፎች ላይ ግን እንደ ባላ ወደ ውጭ ይክፈታቸው። ወዲያው የታችኛው እንጨት ረዝሞ ይታያል። ስባሪዎቹን አንሥቶ ሁለቱን ቢያስተያይ እኩል ሆነው ያገኛቸዋል። መልሶ ቢደረድራቸው ግን እኩልነታቸውን እያወቀ እንኳ ዐይኑ ዳግመኛ ይሳሳታል።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም ታሪኩ ሰው ሌላውን ሰው በምን እንደ መዘነ የሚያሳይ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለእንደዚህ ያለው የዐይን ስሕተት በጂኦሜትሪ ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ኦፔል ሲሆን ዘመኑም 1855 ነው። በ1860 የከዋክብት ተመራማሪው ዞልነር በጨርቅ ጥለት ላይ ትይዩ መስመሮች ተጋድለው መታየታቸውን አስተውሎ ጻፈ። ከላይ በክብሪት የሠራነውን ሥዕል ያሳተመው ግን ሙለር ላየር ነው፤ ይኸውም በ1889 ነበር።

በዚያ ዘመን በኤውሮፓ የሰውን ዘር በደረጃ ከፋፍሎ ማበላለጥ የተለመደ ነበር። በ1898 በሀደን የተመራ የካምብሪጅ ጓድ በአውስትራልያና በኒው ጊኒ መካከል ወዳሉት የቶረስ ደሴቶች ሄደ። ከጓዱ አንዱ ሐኪሙ ሪቨርስ የመሬይ ደሴት ሰዎችን ዐይን በእነዚህ ሥዕሎች መረመረ። በሙለር ላየር ሥዕል ደሴተኞቹ ከእንግሊዞች ያነሰ ተሳሳቱ። አንድ እንጨት አጋድሞ ሌላውን እኩል እንጨት በወገቡ ላይ በማቆም በሚሠራው ሌላ እንቆቅልሽ ግን፥ የቆመው ረዝሞ ስለሚታይ፥ ደሴተኞቹ ከእንግሊዞች የበለጠ ተሳሳቱ። እንግዲህ የዐይን ስሕተት የአእምሮ ደረጃ መለኪያ ቢሆን ኖሮ፥ አንድ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ከሌላው በላይም በታችም በሆነ ነበር። መለኪያው ራሱ ፈረሰ ማለት ነው።

በ1966 ሲጋል፥ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ ከአፍሪካ፥ ከፊሊፒንስና ከአሜሪካ ከ1800 በላይ ሰዎች የተመረመሩበትን ጥናት አሳተሙ። በሙለር ላየር ሥዕል እጅግ ከተሳሳቱት መካከል አሜሪካውያን ይገኙ ነበር፤ ለእነርሱ ሁለቱ መስመሮች እኩል መስለው እንዲታዩ የቀስቱ መስመር ወደ 20 ከመቶ መርዘም ነበረበት። የካላሃሪ ሳን አዳኞች ግን ስሕተታቸው ከምንም የማይቈጠር ነበር። ጸሐፊዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ ባለ ማእዘን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው የመስመሮቹን መታጠፍ እንደ ግድግዳ ማእዘን አድርጎ ማየት ይለምዳል፤ ከዚህም የተነሣ ሩቅ የመሰለውን መስመር ያረዝመዋል አሉ።

ይህም ፍቺ ቢሆን አልጸናም። በ2015 በታተመ ጥናት፥ ዕውር ሆነው ተወልደው በቀዶ ጥገና ማየት የጀመሩ ዘጠኝ የሕንድ ልጆች ብርሃን ባዩበት ሰሞን በዚሁ ሥዕል ተሳስተዋል። ማእዘን የማየት ልማድ የሚያገኙበት ጊዜ አልነበራቸውም። ስለዚህ ልማድ የስሕተቱን መጠን ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደ ሆነ እንጂ ሥሩ ልማድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ለማጠቃለል፥ ባለ ዩኒቨርሲቲውም አዳኙም በየራሱ መንገድ ይሳሳታል፤ ከስሕተት ነጻ የሆነ ዐይን ይዞ ሌላውን ሊመዝን የተነሣ ሕዝብ አልተገኘም። የክብሪቱ እንቆቅልሽ መፍትሔ ስባሪዎቹን አንሥቶ ማስተያየት ነው። ሰውን በሰው ላይ ለሚያበላልጥ ፍርድም ከዚህ የቀለለ ምርመራ ሊበቃ አይገባም።