ቲማቲማችንን ማን መረጠልን?

«ሮማ» የሚባለው ሞላላ ቲማቲም ከስሙ የተነሳ ለብዙዎች ጣሊያናዊ ይመስላቸዋል። የተወለደው ግን አሜሪካ ነው። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች አዳቅለው በ1955 እ.ኤ.አ. አወጡት። ክቡ ማርግሎብም በ1925 ከዚያው መሥሪያ ቤት የወጣ ነው። ሁለቱም ኋላ ኢትዮጵያ ገብተዋል።

ማርግሎብ የተፈለገው ተክሉን የሚያጠወልገውን የአፈር በሽታ ስለሚቋቋም ነበር። ሮማ ደግሞ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ለድልህ ፋብሪካ ተመቸ።

በሌሎች ዝርያዎች ላይ አዳቃዮች ፍሬው ከላይ እስከ ታች እኩል እንዲቀላ መረጡ። ለዓይን አማረ፤ የለቀማ ጊዜውን ማወቅም ቀለለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ይህን መልክ ያመጣው የዘረመል ለውጥ የፍሬውን ስኳር እንደሚቀንስ አሳየ። ለመልኩ የተከፈለው ጣዕሙ ነበር ማለት ነው።

ጓሮ ግን ጭነት መኪና አይጠብቅም። ለስልስና ለወጥ ሮማ፣ ለሰላጣና ለፍትፍት ማርግሎብ መትከል ይቻላል። ቦታ ለጠበበው ቁመተ አጭሩ ሮማ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሁለቱም ዘር ከፍሬው ወጥቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ለከርሞ ይዘራል፤ እናቱንም ይመስላል። ከዲቃላ ዝርያ የተለቀመ ዘር ግን እናቱን አይመስልም፤ ያንኑ ዓይነት የፈለገ በየዓመቱ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ዲቃላ ብዙ ያፈራ ይሆናል፤ የከርሞው ዘር ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ጓሮው ላይ ዘር የሚመርጥ ሰው ይህንንም አብሮ እየመረጠ ነው።