ዕጢ ደም ሲጠራ

የማህፀን በር ካንሰር ናሙና በማይክሮስኮፕ ስመረምር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ደም ሥሮቹ ላይ ነው። ጤነኛው ደም ሥር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የዕጢው ግን ይጣመማል፣ ድንገት ይሰፋል፣ ድንገት ይቋረጣል።

ይህን ልዩነት በታማሚዋ አካል ላይ በቀጥታ ለማየት መንገድ የከፈተው ጀርመናዊው ሃንስ ሂንዝልማን ነው። የማህፀን በርን አጉልቶ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ኮልፖስኮፕን፣ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። በመሣሪያው አረንጓዴ ማጣሪያ ሲታዩ ደም ሥሮቹ ጠቁረው ይወጣሉ። ሰውየው በናዚ ዘመን የሮማ (ጂፕሲ) ብሔረሰብ ሴቶችን አስገድዶ በማምከኑ ከጦርነቱ በኋላ ተፈርዶበታል፤ ስሙን አንስቶ ይህን መዝለል ለእነዚያ ሴቶች ሁለተኛ በደል ይመስለኛል።

ደም ሥሮቹ ለምን እንደሚበቅሉ አጥብቆ የጠየቀው አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን ነው። በሙከራው ከአካል ውጭ በሕይወት በቆየ ታይሮይድ ላይ የተተከለ ዕጢ ጥቂት ሚሊሜትር ሳይሞላ እድገቱ ቆመ፤ ወደ አይጥ ሲመለስ ግን ገዘፈ። ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 ዕጢ ደም ሥር ወደ ራሱ እንደሚጠራ፣ ጥሪውንም መዝጋት እንደሚገባ ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም።

ለማህፀን በር ካንሰር መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በሽታው በተሠራጨባቸው ወይም ባገረሸባቸው 452 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከኬሞቴራፒ ጋር ያንን የደም ሥር ጥሪ የሚዘጋውን ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት የወሰዱት ሴቶች መካከለኛ የመኖር ጊዜ ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት 13.3 ወር ወደ 17 ወር አደገ። ልጆቿን ለምታሳድግ እናት አራት ወር የማይሞላ ጊዜም ብዙ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ በአንዳንዶቹ ላይ ፌስቱላ (በአካል ክፍሎች መካከል የሚፈጠር ያልተለመደ ቀዳዳ) አስከትሏል።