ከጣርማ በር ወዲያ፦ ስለ ኀፍረትና ስለ ሕመም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለቁስልም ለወባም ይሠራል። ግን ሰውዬው የደበቀው ነገር በሽታ ካልሆነስ? መደበቁ ራሱ በሽታ ቢሆንበትስ? ይህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ባጭሩ ይከተላል። ጉዳዩ የሚመለከተው መሰል ጾታቸውን የሚያፈቅሩ ሰዎችን ነው። ነገሩ ሲነሣ ፊቱን የሚያዞር አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አብሮኝ ይዝለቅ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቀዋል። ደጋው እዚያ ላይ ቁርጥ ይልና ገደሉ ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ መኪና አሳለፈበት እንጂ መተላለፊያነቱ የቆየ ነው። እንደ አንኮበር ሁሉ ስሙ ላይ «በር» አለበት። በታሪክ ትምህርታችን በር ሲባል ትዝ የሚለን ጠላት እንዳይገባ የሚጠበቅ ቦታ ነው። በበሩ ማን ወጣ፣ ለምንስ ወጣ ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ስለ መውጣት የጻፈ አንድ ሰው አለ። ሲሞን መሲንግ የተባለ ከአሜሪካ የመጣ አንትሮፖሎጂስት በ1940ዎቹ ጎንደር አካባቢ ተቀምጦ የአማራውን ገበሬ ኑሮ አጥንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ውስጥ ገበሬው «ወንዳገረድ» ስለሚላቸው ወንዶች ጥቂት መስመሮች አሉ። ሰዉ ሲፈጠሩ አካላቸው የጎደለ አድርጎ ያያቸዋል፤ የራሳቸው ማኅበር የላቸውም፤ መንደሩ ችሏቸው ይኖራል። ሴቶቹ እንደ ወንድም ይቀርቧቸዋል፤ ባሎችም ከሚስቶቻቸው ጋር ሲውሉ አይቀኑም። የሚያፍርባቸው የገዛ ዘመዳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ አገር ለቀው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ይሄዳሉ።

እርግጥ «ወንዳገረድ» የሚለው ቃልና ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ አንድ አይደሉም። ቃሉ አረማመድን፣ አለባበስንና አነጋገርን ያያል፤ ልብ ማንን እንደወደደ አይጠይቅም። መሲንግም የጻፈው ስለ ጎንደር ነው፣ ስለ ሸዋ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምረናል። ኀፍረቱ የሚኖረው በሰውዬው ገላ ውስጥ ሳይሆን በቤተ ዘመዱ ዓይን ውስጥ ነበር። ከዚያ ዓይን መራቅ ሲቻል ሰውዬው ይኖራል። በሩን ካለፈ በኋላ እንደ ማንኛውም ባይተዋር ይቆጠራል።

እንግዲህ ያንኑ ዓመት፣ 1957ን፣ ልብ በሉ። ኤቭሊን ሁከር የተባለች አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት ጥናቷን ያሳተመችው በዚያው ዓመት ነው። ከርሷ በፊት የነበሩት አጥኚዎች የሚመረምሯቸውን ሰዎች የሚያመጡት በአብዛኛው ከእስር ቤትና ከአእምሮ ሐኪም ደጃፍ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሲያበቃ «ሁሉም በሽተኞች ናቸው» ቢሉ ምን ይደንቃል! ሁከር በኑሯቸው ላይ ያሉ 30 መሰል ጾታቸውን የሚያፈቅሩና 30 ሌሎች ወንዶችን ወስዳ በቀለም ጠብታ ሥዕልና በመሰል ፈተናዎች መረመረች። ውጤቱንም ማንነታቸውን ደብቃ ለታወቁ ባለሙያዎች ሰጠች። ባለሙያዎቹ የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አቃታቸው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ይህን ዝንባሌ ከበሽታ መዝገብ ሰረዙት።

በዚያው 1957 ሦስተኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ይህኛው የኛው ነው። ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ። በአንቀጽ 600 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረገውን ግንኙነት በእስራት የሚያስቀጣ አደረገው። የ1996ቱ ሕግም በአንቀጽ 629 ይህንኑ ቀጠለ። ቀጣዩን አንቀጽ 630ን ያነበበ ግን አንድ ነገር ያገኛል፦ ተበዳዩ ከጭንቀት፣ ከኀፍረት ወይም ከተስፋ መቁረጥ የተነሣ ራሱን ካጠፋ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ ኀፍረት ሰው እንደሚገድል ሕጋችን ራሱ ያውቃል ማለት ነው። ኀፍረቱ ከሕጉና ከጎረቤት ሲመጣስ ማን ይጠየቃል?

የዛሬው ሳይኮሎጂ የያዘው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳብራራው፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ድብርትና ጭንቀት በዝቶ የሚገኘው የሚወዱት ሰው ስላሳመማቸው አይደለም። መናቁ፣ «ዛሬ ይታወቅብኝ ይሆን?» እያሉ መስጋቱ፣ መደበቁ፣ በመጨረሻም ራስን መጥላቱ ተደማምሮ ነው። ከደብረ ሲና ገበያ ሸክም ይዞ ጣርማ በርን የሚወጣ ሰው ቢያለከልክ፣ ሳንባው ታሟል ብሎ የሚደመድም ሐኪም የለም። መጀመሪያ ሸክሙን ያያል።

ባገራችንም ሸክሙን ለማየት የሞከሩ አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ባሳተማቸው ጥናቶች፣ በአዲስ አበባ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች አነጋግሯል፤ መገለልን እየፈሩ ተደብቀው እንደሚኖሩም አሳይቷል። መነሻው ኤችአይቪ ነበር። ነገር ግን ሰው ስለ ደሙ ሲጠየቅ ስለ ነፍሱም ይናገራል።

ታዲያ ዛሬ የሚሸሸው ወዴት ነው? የቀድሞው ሰው ጠቅላይ ግዛት ይለውጥ ነበር። አሁን ወሬው በስልክ ቀድሞት ይደርሳል፤ ሕጉም ከበሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ነው። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ ዘመቻ መክፈቱን ሲያስታውቅ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠይቆ ነበር። ጥቆማ ባለበት አገር ሕመምተኛ ለሐኪሙ እንዴት ይናገር? ጠበል ቢወሰድ ዝም፣ አማኑኤል ሆስፒታል ቢወሰድ ዝም። ካርዱ ላይ «እንቅልፍ ማጣት» ተብሎ ይጻፍለትና ይመለሳል።

ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው ሃይማኖቱን ይተው አልልም። የምለው፣ ከበሽታ መዝገብ የተፋቀውን ነገር በሽታ እያልን ለታመመው ሰው ደግሞ የሕክምና በር መዝጋት ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። ሐኪም ምስጢር ይጠብቅ፤ ዘመድ ልጁን ከቤት አያስወጣ። መሲንግ በጻፈለት መንደር የገዛ ዘመድ ያፍር ነበር፣ ጎረቤት ግን ይችል ነበር። የዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመት ጎረቤት የቻለውን ያህል እኛ መቻል ካቃተን፣ ሠለጠንን የምንለው ምኑን ነው?