የግፊት ቁስል፦ ጉበቱ የታመመ ሰው ሲተኛ

«የአልጋ ቁስል» ሲባል የማያውቅ አስታማሚ የለም። ብዙ ጊዜ የተኛ ሰው መቀመጫው፣ ዳሌው ወይም ተረከዙ ላይ የሚወጣ ክፉ ቁስል ነው። ሐኪሞች «ፕሬዠር አልሰር» ይሉታል፤ እኔ ግን «የግፊት ቁስል» ብንለው እመርጣለሁ። ጥፋቱ የአልጋው አይደለምና። በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨፈለቀ ሥጋ ደም ሳያገኝ ሲቀር ይሞታል። ተሽከርካሪ ወንበርም፣ ጀሶም፣ የኦክስጅን ቱቦም ያመጡታል።

ሐረር ላይ ይህን ቁስል ከጉበት ነጥሎ ማየት ይከብዳል። በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች 150 የጉበት ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ተደርጎ ነበር። ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ አሳይቷል። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከበርጫ የተነሣ ሰው እራት አያምረውም።

እራት መዝለል ጉበቱ ለጠጠረ፣ ማለትም ሲሮሲስ ላለበት ሰው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ጤነኛ ጉበት ሌሊቱን የሚያሻግር ስኳር የሚቀመጥበት ጎተራ ነው፤ የታመመው ግን ብዙ አይዝም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ያለ ምግብ ማደር፣ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ሲጾም የሚደርስበትን ያህል ሰውነትን ይጎዳል። ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይኖራል። ጡንቻው ሲመነምን አጥንቱን የሚሸፍን ሥጋ ይጠፋል። ጉበት የሚሠራው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ሲያንስ ደግሞ እግርና ወገብ ያብጣል፣ ያበጠ ቆዳም ቶሎ ይላጣል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ከብዶ በራሱ መገላበጥም ያቅተዋል።

«ጉበት ያለበት ሰው ፕሮቲን ይከልከል» የሚለው የቆየ ምክር ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ የጉበትና የሥነ ምግብ ማኅበራት የዛሬ መመሪያ ለሲሮሲስ ሕሙማን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራል፤ ለግፊት ቁስል የሚመከረውም ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው። ሁለቱ አይጣሉም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ይሆናል፤ ሆድ ውስጥ የተቋጠረው ውኃ ግን ክብደት ተብሎ አይቆጠርም።

ምግቡ ከሩቅ አይመጣም፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ተፈልቶ የቀዘቀዘ የግመል ወተት፣ ጨው ያልነካው የባቢሌ ኦቾሎኒ። የእህልና የወተት ፕሮቲን ከሥጋው ይልቅ ለእነዚህ ሕሙማን ይስማማል። ጨው ግን መቀነስ አለበት፣ ውኃ ያስቋጥራልና። ከሁሉ በላይ የማልተወው የመኝታ መክሰስ ነው፦ ከመተኛት በፊት ጥቂት ገንፎ በወተት፣ ወይም እንጀራ በሽሮ። አስታማሚው በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጠው ግን ምግቡ ብቻውን ቁስሉን አያድነውም።

በሽተኛው ከተደናገረ፣ ቀንና ሌሊቱ ከተምታታበት፣ ብዙ ቤተሰብ ያንኑ የቆየ ምክር ይዞ መጀመሪያ እንቁላሉንና ወተቱን ያስቀራል። ነገር ግን ወደ ሐኪም መውሰድ ይቀድማል፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት፣ የሆድ ውስጥ መድማት ወይም ኢንፌክሽን ነውና። ኢንፌክሽኑም ሳይታይ ከቀረው ከዚያው ከመቀመጫው ቁስል ሊነሣ ይችላል።